ሁሉም ፍሬ በአንድ ቀን አይደርስም፦ የጓሮ ፍራፍሬን በመኸር መልቀምና ማጣጣም

ጓሮዬ ትልቅ አይደለም። ሁለት የፖም ዛፍ፣ አንድ ፒር፣ አንድ በለስ (ቁልቋሉን ሳይሆን ቅጠለ ሰፊውን ዛፍ ማለቴ ነው)፣ አጥሩን ተደግፎ የወጣ ወይን፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሮማን አለኝ። ዓመቱን ሙሉ አጠጣለሁ፣ እኮተኩታለሁ፣ አረም እነቅላለሁ። መኸር ሲመጣ ግን ሥራው ይለወጣል። ያኔ ዋናው ሥራ ማየት፣ መንካት፣ ማሽተትና መቅመስ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላወቅኩም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫት ይዤ ወጣሁና ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ለቀምኩት። ፒሩ ላዩ ያማረ ነበር፤ ስቆርጠው ግን መሀሉ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል። ፖሙ ገሚሱ ጣፋጭ፣ ገሚሱ ጥርስ የሚያጠርስ። ወይኑን ቤት ውስጥ ይበስላል ብዬ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩት፤ ተጨማደደ እንጂ አልጣፈጠም። የቀረውን ፖም ካርቶን ውስጥ ደራርቤ አስቀመጥኩ፤ አንድ የተመታ ፍሬ ከመሀል ገብቶ ኖሮ ግማሹን ካርቶን ይዞት ሄደ። ከአበባው ጀምሬ በዓይኔ ስከተለው የከረምኩት ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮምፖስት ሆነ። በጣም አዝኜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ተምሬያለሁ። ጓሯችሁ ውስጥ አንድ ዛፍም ቢሆን ካለ ይጠቅማችኋል ብዬ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ለዩ

ፍራፍሬ በሁለት ይከፈላል። አንዳንዱ ከዛፍ ከወረደ በኋላም መብሰሉን ይቀጥላል። ፖም፣ ፒር፣ ፕሪም፣ ኮክ፣ ሙዝና አቮካዶ እንደዚህ ናቸው። ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ከራሳቸው ያወጣሉ፤ ጋዙ ደግሞ መልሶ እነሱን ያበስላቸዋል። አቮካዶ እንዲያውም ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ካልተቆረጠ ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል።

ሌላው ወገን ከተቆረጠ በኋላ ጣዕም አይጨምርም። ወይን፣ ሮማን፣ ብርቱካን፣ ሎሚና እንጆሪ ዛፉ ላይ ወይም ተክሉ ላይ የያዙትን ያህል ነው ይዘው የሚመጡት። በለስም በተግባር ከእነዚህ ጋር ነው። ጥሬውን ከቆረጣችሁት ትንሽ ሊለሰልስ ይችላል እንጂ ያ ማር ማር የሚል ጣዕሙ አይመጣም።

ይህን ከለያችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ። የመጀመሪያዎቹን ትንሽ ቀደም ብሎ መልቀም ይቻላል። ሁለተኞቹን ግን መጠበቅ ግዴታ ነው። የኔ ወይን መስኮት ላይ የተጨማደደው ለዚህ ነበር።

ፖም

ፖም አለቃቀም ያሳዩኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። አንድ ቀን አንዱን ፍሬ ይዤ ስጎትት አዩኝ። ቅርንጫፉ ይወዛወዛል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ፍሬው ግን አልመጣም። ገብተው አጠገቤ ቆሙና «ልጄ፣ ምን ያታግልሻል? ከደረሰ እኮ ራሱ ይሰጥሻል» አሉኝ። ከዚያ በራሳቸው እጅ አሳዩኝ።

እንዲህ ነው። ፍሬውን በመዳፋችሁ ሙሉ ያዙት። በጣት ጫፍ አትጫኑት፤ የተጫናችሁበት ቦታ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ወደ ታች አትጎትቱ። ወደ ላይ ከፍ አድርጉትና ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉት። ደርሶ ከሆነ ጭራው ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ምንም ጉልበት አይጠይቅም። ካልለቀቀ ተዉትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ተመለሱበት።

መጎተት የሚጎዳው ፍሬውን ብቻ አይደለም። ፖም የሚያፈራው አጫጭር ቋጠሮ በመሰሉ ቅርንጫፎች ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥም እዚያው ነው ያለው። ስትጎትቱ ቋጠሮው ተገንጥሎ ከመጣ የከርሞውን ፍሬም አብራችሁ ለቀማችሁት ማለት ነው።

ቀለሙ እንዳያታልላችሁ። ቀዩን ሳይሆን ከቀዩ ሥር ያለውን ቀለም ተመልከቱ። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ክሬም ሲያደላ መድረሱ ነው። ከተጠራጠራችሁ አንዱን ለሁለት ክፈሉት። ዘሩ ነጭ ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ቀድሞ የሚደርስ ዝርያ ከሆነ ግን ዘሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠቁርም ሊጣፍጥ ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ምላሳችሁን እመኑ።

ፀሐይ የሚያገኘው የላይኛውና የውጪው ፍሬ ቀድሞ ይደርሳል። ጥላ ውስጥ ያለው ይዘገያል። እኔ አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለስኩ ነው የምለቅመው። ሥራ የበዛ ይመስላል። ግን በአንድ ጊዜ አንድ ቅርጫት ነው የሚገባው፤ አንድ ቅርጫት ደግሞ ለመብላትም፣ ለጎረቤት ለመስጠትም፣ ለመሥራትም ይመቻል።

ፒር

ፒር ከሁሉም የተለየ ባሕርይ አለው። ዛፍ ላይ እንዲበስል መተው የለበትም። ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበስል፣ ላዩ ለስልሶ ስታዩት ውስጡ አልፎበታል። ስለዚህ ገና ጠንካራ እያለ ይለቀማል። ተንጠልጥሎ ያለውን ፍሬ ይዛችሁ ወደ ጎን አጋድሙት። ከተጋደመ በኋላ በቀላሉ ከለቀቀ ለመለቀም ደርሷል። ለመበላት ግን አልደረሰም፤ እነዚህ ሁለቱ ለፒር የተለያዩ ቀኖች ናቸው።

የለቀማችሁትን ቀዝቃዛ ቦታ ወይም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ቅዝቃዜ ሳያገኝ በደንብ አይበስልም። ከዚያ መብላት የምትፈልጉትን ያህል አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። በየቀኑ አንገቱን፣ ጭራው ሥር ያለውን ቦታ፣ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት። አንገቱ ትንሽ እጅ ሲሰጥ ጊዜው ደርሷል። በዚያ ቀን ወይም በማግስቱ ብሉት። ጭማቂው አገጭ ላይ የሚወርድ ፒር የሚገኘው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ወይን፣ በለስ፣ ሮማን

ወይን ቀለሙን የሚይዘው ከመጣፈጡ ከሳምንታት በፊት ነው። ስለዚህ ጠቆረ ብላችሁ አትቁረጡ። ከዘለላው ጫፍ፣ ከታች ያለችውን ፍሬ ቅመሱ። ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የምትጣፍጠው እሷ ናት። እሷ ከጣፈጠች ዘለላው ሁሉ ጣፍጧል። ዘለላውን በመቀስ ቁረጡ። ላዩ ላይ ያለውን አቧራ የሚመስል ነጭ ሽፋን አትጥረጉት፤ ፍሬው እንዳይደርቅ የሚጠብቀው የራሱ ሰም ነው። የሚታጠበው ሊበላ ሲል ነው።

ስለ በለስ ብዙ አልልም። ሲደርስ ራሱ ይናገራል። አንገቱ ይጎብጣል፣ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቆዳው ላይ ስስ ስንጥቆች ይታያሉ። አንዳንዴ ከታች ባለው ቀዳዳ አንዲት የምትጣበቅ ጠብታ ትወጣለች። ስትቆርጡት ከጭራው ነጭ ወተት ከፈሰሰ ገና ነበር። ወተቱ ቆዳን ስለሚያሳክክ እጃችሁን ታጠቡ። የበሰለ በለስ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። እኔ አብዛኛውን ቤት አላስገባውም፤ ጠዋት ዛፉ ሥር ቆሜ ነው የምበላው።

ሮማን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲደርስ ቅርጹ ይለወጣል። ክብ የነበረው ፍሬ ውስጡ ያሉት ዘሮች ሞልተው ሲገፉት ጎኖቹ ጠፍጠፍ ይሉና ማዕዘን ያወጣል። ቆዳው ማብረቁን ያቆማል። ከዚያ በጣታችሁ አንኳኩት። ጥሬው ድፍን ያለ ድምፅ አለው፤ የደረሰው እንደ ቆርቆሮ ኳ ይላል። አትጎትቱት፤ በመቀስ አጭር ጭራ አስቀርታችሁ ቁረጡት። ዝናብ ሊመጣ ከሆነ ግን የደረሱትን ቶሎ ልቀሙ። ደርቆ የቆየ ዛፍ በአንዴ ብዙ ውሃ ሲያገኝ ፍሬው ይሰነጠቃል።

ሮማን መክፈት የሚያስቸግራቸው ብዙ ናቸው። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ዘውዱን ዙሪያውን በቢላ አነሳለሁ። ከዚያ በጎኖቹ ማዕዘን ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቆዳውን ብቻ እቧጥጣለሁ። ቢላው ወደ ውስጥ አይገባም። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልቼ ፍሬውን ውሃው ውስጥ እንዳለ በእጄ እፈለቅቀዋለሁ። ዘሮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ነጩ ገለፈት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ገለፈቱን ገፍፎ ዘሩን ማጥለል ነው። ልብስም ግድግዳም አይቀባም።

መቼ፣ በምን

ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ መልቀም ጥሩ ነው። እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ ፍሬ ቶሎ ይሻግታል። ቅርጫቱ ውስጥ ያረጀ ጨርቅ ወይም ፎጣ አንጥፉ። ፍሬውን አትወርውሩ፤ እንደ እንቁላል አስቀምጡት። ጥፍራችሁንም ቁረጡ፤ ጥፍር የጫረው ፖም አይቆይም። ለከፍታው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የጨርቅ ከረጢት አስሬ እጠቀማለሁ። መሰላል ከወጣችሁ ሰው ያዝ ያድርግላችሁ፤ ከመሰላሉ ጎን ተንጠራርታችሁ አትልቀሙ። ወርዶ መሰላሉን ማዛወር ይሻላል።

ዛፉ ሥር የወደቀውን በየቀኑ አንሱ። ተርብ ይሰበሰብበታል፣ ትሉም ከፍሬው ወጥቶ ለከርሞ ይተርፋል። ዛፉ ላይ ደርቆና ተጨማዶ የቀረ ፍሬ ካለም አውርዱት፤ የበሽታ መደበቂያ ነው።

መለየትና ማስቀመጥ

የተለቀመውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በሦስት እለየዋለሁ። ይህ ክፍል ለኔ ትልቁ ቦታ ነው፤ ያ የመጀመሪያው ዓመት ካርቶን ያስተማረኝ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ክምር ንጹሑ ነው፦ ጭራው ያልወለቀ፣ ያልተመታ፣ ያልተበሳ። እሱ ይቀመጣል። ሁለተኛው ትንሽ የተመታው ነው፤ በዚያው ሳምንት ይበላል። ሦስተኛው ትል የበሳው፣ ወፍ የነካካው፣ ቅርጹ የተበላሸው ነው። መጥፎ መጥፎው ወጥቶለት ወደ ድስት ይሄዳል።

ሻጋታ የያዘውን ግን የሻገተበትን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ አታውጡ፤ ሙሉውን ጣሉት። የበሰበሰ ፖም ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ማፍላት አያጠፋውም። በተለይ ለጭማቂ የበሰበሰ ፖም መቀላቀል በፍጹም አይገባም። መሬት የወደቀውንም ጥሬ ጭማቂ አታድርጉት፤ አጥባችሁ አብስሉት።

ፖም የሚቆየው ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜና እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የታችኛው መሳቢያ ይሆናል። ቦታ ካልበቃችሁ ከቤቱ ቀዝቃዛውንና ጨለማውን ጥግ ፈልጉ። ሳታጥቡ፣ አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ፣ በአንድ ረድፍ ብቻ ደርድሩ። ወረቀቱ አንዱ ቢበሰብስ ወደ ጎረቤቱ እንዳይጋባ ያደርጋል። በየሳምንቱ ክፈቱና አሽትቱ። የሚጠረጠር ካለ አውጡት። ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ በዚህ መልክ ለወራት ይቆያል። ቀድሞ የሚደርሰው ግን ምንም ብታደርጉለት አይቆይም፤ እሱን ብሉት።

ፖምን ከሌላ ነገር ጋር አታስቀምጡ። ያ ኤቲሊን ያልኳችሁ ጋዝ ፒሩን ሳትፈልጉ ያበስለዋል፣ ቅጠላ ቅጠሉን ያጠወልጋል፣ ካሮቱን ያመርረዋል። በተቃራኒው ፒር ወይም አቮካዶ ቶሎ እንዲበስል ስትፈልጉ ከአንድ ፖም ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ መክተት ነው። ሮማን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አንድ ሁለት ወር ያለ ችግር ይቆያል። ቆዳው ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ደህና ነው።

ወደ ማዕድ ቤት

ሦስተኛው ክምር ማታ ማታ የምሠራበት ነው። ቀላሉ የፖም ልል (ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም) ነው። ፖሙን ልጣችሁ፣ ዘሩን አውጥታችሁ፣ ቆራርጣችሁ ድስቱ እንዳይዝ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ውሃ ጨምራችሁ ክደኑት። እሳቱ ዝግ ያለ ይሁን። በ20 ደቂቃ ገደማ ይፈራርሳል። በማንኪያ ፍጩት። ስኳር ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ትንሽ ቀረፋ ግን ሽታውን ቤት ሙሉ ያደርገዋል። የተረፈው ቀዝቅዞ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል።

ማርማላታ ስሠራ ለ1 ኪሎ የተጸዳ ፍሬ ከ700 እስከ 800 ግራም ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ እጠቀማለሁ። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ፖም ውስጥ ብዙ አለ፤ በደንብ ባልበሰለው ውስጥ ደግሞ ይበልጣል። ፒርና በለስ ግን ስለሚያንሳቸው ከፖም ጋር እቀላቅላቸዋለሁ። መርጋቱን ለማወቅ ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ። ማርማላታው ሲወፍርና አረፋው ከባድ ሲሆን እሳቱን አጥፍቼ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛው ሳህን ላይ አደርጋለሁ። አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ላዩ ከተጨማደደ ረግቷል። እንደ ውሃ ከሸሸ አምስት ደቂቃ ይጨመርለታል። ለ10 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀቀለ የብርጭቆ ዕቃ ትኩሱን ሞልቼ እከድናለሁ። ከተከፈተ በኋላ ቦታው ፍሪጅ ነው።

ማድረቅ ደግሞ ልጆች የሚወዱት ሥራ ነው። ፖሙን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እየሰጣችሁ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። እንዳይጠቁር ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከሩት። ውሃውን ጠረግ አድርጋችሁ ኦቨን መደርደሪያ ላይ ዘርጉት። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ እርጥበቱ እንዲወጣ በሩን በትንሹ ገርበብ አድርጉ። እንደ ውፍረቱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ሲታጠፍ ሳይሰበር፣ ሲጫኑት ውሃ ሳያወጣ ሲቀር ደርሷል። ወዲያው አትቋጥሩት። የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጨምራችሁ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። መስታወቱ ላይ ላብ ካያችሁ ተመልሶ ኦቨን ይገባል። ከ1 ኪሎ ፖም የሚወጣው ከ200 ግራም በታች ነው። ትንሽ ይመስላል፤ አንዱን አፋችሁ ስታስገቡ ግን የዛፉ ጣዕም ሁሉ እዚያ ውስጥ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ።

ደብተሩ

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ትንሽ ደብተር ያዙ። እኔ የማዕድ ቤቱ በር ጀርባ ላይ በክር አንጠልጥዬዋለሁ። የትኛው ዛፍ በየትኛው ቀን መልቀቅ ጀመረ፣ ምን ያህል ወረደ፣ ምን ዓይነት ጣዕም ነበረው፣ እስከ መቼ ቆየ፣ ይህን ብቻ እጽፋለሁ። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው የራሳችሁን ጓሮ የሚያውቅ መመሪያ ይሆናችኋል። ምክንያቱም ያው ዝርያ እናንተ ጋ የሚደርስበት ቀን እኔ ጋ ከሚደርስበት ይለያል።

የዘንድሮው ገጽ ላይ በለሱ አልቋል። ፖሙ ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። የወይኑን የመጨረሻ ዘለላ ለእማማ ወስጄላቸዋለሁ። ሮማኑን ትናንት ማታ ወጥቼ አንኳኳሁት። ገና ነው።